ስሟ ያልተጠየቀች ሴት
ሙስሊም ሴቶች በመገናኛ ብዙኃንና በመዝናኛ ጥበብ የሚታዩበት መልክ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በ1984 አንድ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በፓኪስታን አገር፣ በፔሻዋር ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የናስር ባግ የስደተኞች ሰፈር ደረሰ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።) በሰፈሩ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ልጃገረዶች ይማሩበት ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆን፣ ከአፍጋኒስታን ጦርነት ሸሽታ የመጣች፣ ቀላ ያለ ሻሽ የተከናነበች፣ አረንጓዴ ዐይኖቿን ከሚያያት ሰው ላይ የማትነቅል ልጅ ነበረች። ፎቶግራፍ አንሺው አነሣት፤ ምስሏም በጁን 1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ሆኖ ቀረ።

የልጅቱ ስም ግን አልተጠየቀም፤ ስላልተጠየቀም አልተጻፈም። ለዐሥራ ሰባት ዓመታት «የአፍጋኒስታኗ ልጃገረድ» ስትባል ኖረች። በ2002 የመጽሔቱ ሰዎች ፈልገው ሲያገኟት ሻርባት ጉላ እንደምትባል ታወቀ። በዚያን ጊዜ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ፎቶግራፍ እርሷ ራሷ እስከዚያ ዕለት ድረስ አይታው አታውቅም ነበር። በ2016 በፓኪስታን የሐሰት መታወቂያ ይዘሻል ተብላ ታሰረች፤ ወደ አገሯም እንድትመለስ ተደረገ። በ2021 ደግሞ ታሊባን ሥልጣን ሲይዝ እንደገና ተሰድዳ ጣሊያን ተቀበለቻት። ከእስሯ በኋላ በሰጠችው ቃል ፎቶግራፉ ከጥቅሙ ይልቅ ችግሩ እንደበዛባት ተናግራለች።

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ አንሺውን ለመክሰስ አይደለም። ፎቶግራፉ የአፍጋን ስደተኞችን መከራ ብዙ ጽሑፍ ሊያደርገው በማይችል መጠን ለዓለም አሳውቋል። ነገር ግን የብዕርና የካሜራ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጥያቄ ይዟል። የአንድ ሚኒስትር ወይም የአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶግራፍ ስሙ ሳይጠቀስ ቢቀርብ አዘጋጁ ጽሑፉን ለሪፖርተሩ መልሶ ይሰጠዋል። ሻሽ የተከናነበች ሴት ስትሆን ግን የስም መጓደል እንደ ጉድለት ሳይቈጠር ዐሥራ ሰባት ዓመት ሊያልፍ ቻለ። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ተመልካቹ በፊቱ ያለችውን አንዲት ሰው ከማየቱ በፊት «ሙስሊም ሴት» የተባለች፣ አስቀድማ በአእምሮው ውስጥ ተሥላ የተቀመጠች ምስል የምትታየው መሆኗ ነው። ምስሏ ካለች ስም አያስፈልግም።

ይህች ምስል ከካሜራ በፊት የነበረች ናት። የፈረንሳዩ ሠዓሊ አንግር በ1814 «ታላቋ ኦዳሊስክ»፣ በ1862 ደግሞ «የቱርክ መታጠቢያ ቤት» የተባሉ ሥዕሎችን ሠርቷል። ኦዳሊስክ ማለት በሱልጣን እልፍኝ የምታገለግል ሴት ማለት ነው። በሁለቱም ሥዕሎች የሚታዩት ራቁታቸውን የተጋደሙ፣ ሥራም ንግግርም የሌላቸው የምሥራቅ ሴቶች ናቸው። አንግር ግን በሕይወቱ ዘመን የምሥራቅን ምድር ረግጦ አያውቅም። ለኋለኛው ሥዕል መነሻ ከሆኑት አንዱ፣ በቱርክ የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የነበሩት እመቤት ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ በ1717 የጻፉት ደብዳቤ ነበር። እመቤቲቱ በሶፍያ ከተማ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ራሳቸው ገብተው አይተዋል። የጻፉትም ሴቶቹ እንግዳ ተቀባይና ጨዋ እንደነበሩ፣ እንደ ቡና ቤት ተሰብስበው የከተማውን ወሬ ይጫወቱ እንደነበር ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው፣ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ሴቶቹ ለምነዋቸው ወገባቸውን የሚያጠብቀውን የአውሮፓ ልብስ ባሳዩአቸው ጊዜ፣ የእንግሊዛዊቷ ባል ሚስቱን በዚያ መሣሪያ ውስጥ የቈለፈባት የመሰላቸው መሆኑ ነው። ሠዓሊው ከደብዳቤው ገላውን ወሰደ፤ ጨዋታውን ተወ።

ካሜራ ከተፈጠረ በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። ፈረንሳይ አልጄሪያን በምትገዛበት ዘመን፣ በተለይም ከ1900 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት፣ የአልጄሪያ ሴቶች ምስል ያለባቸው የፖስታ ካርዶች እጅግ ብዙ ሆነው ታትመው ወደ ፈረንሳይ ይላኩ ነበር። የአገሩ ሴቶች በመንገድ የሚሄዱት ተሸፍነው ስለነበር ፎቶግራፍ አንሺዎቹ በገንዘብ የተቀጠሩ ሴቶችን ወደ ስቱዲዮ እያስገቡ፣ የፈለጉትን አልብሰው ወይም አስወልቀው ያነሡ ነበር። አልጄሪያዊው ባለቅኔ ማሌክ አሉላ ካርዶቹን ሰብስቦ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ አንዲቱ ሴት በዚያው ልብሷና በዚያው ጌጧ በአንዱ ካርድ ላይ የአንድ አካባቢ ሴት፣ በሌላው ላይ የሌላ አካባቢ ሴት ተብላ ቀርባለች። ገዢው ሕዝብ በቤቱ ተቀምጦ አልጄሪያን አየሁ ሲል ያየው የስቱዲዮ መጋረጃ ነበር።

ሲኒማና ቴሌቪዥን የወረሱት ይህንኑ መጋረጃ ነው። በ1921 ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የተጫወተበት «ሼኩ» የተባለው ፊልም ለብዙ የበረሃ ፊልሞች ፈር ቀደደ። ከ1965 እስከ 1970 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በታየ አንድ የቀልድ ትርኢት ከጠርሙስ የወጣች የምሥራቅ ጂኒ ወንዱን «ጌታዬ» እያለች ለአምስት ዓመታት ታገለግለዋለች። ከሊባኖስ ቤተሰብ የተወለዱት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጃክ ሻሂን ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምረው በ2001 ባወጡት መጽሐፍ፣ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ወይ ሆዷን አራቁታ እንደምትጨፍር፣ ወይም ጥቁር ተጠቅልላ ዝም ብላ ከኋላ እንደምትቆም ሴት መሆኑን አሳይተዋል። ሁለቱ መልኮች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሁለቱም አይናገሩም።

የማይናገር ሰው ደግሞ ሌላው ይናገርለታል። በሜይ 1958 የአልጄሪያ ነፃነት ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ በአልጀርስ አደባባይ ሴቶች በካሜራ ፊት መሸፈኛቸውን እንዲያወልቁ የተደረገበት ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ። ሥዕሉም ፈረንሳይ የሙስሊም ሴቶች ነፃ አውጪ መሆኗን እንዲመሰክር ለዓለም ተሠራጨ። በዚያው ጦርነት ውስጥ የነበሩት የአልጄሪያ ሴት ታጋዮች ግን መሸፈኛቸውን እንደ ጊዜው አስፈላጊነት ሲለብሱም ሲያወልቁም ነበር። በ1966 የወጣው «የአልጀርስ ጦርነት» የተባለው ፊልም ሦስት ሴቶች እንደ አውሮፓውያን ለብሰው፣ በቅርጫታቸው ፈንጂ ይዘው፣ በኬላ ወታደሮች መካከል ሲያልፉ ያሳያል። በሰላማዊ ሰዎች ላይ ስለ ደረሰው ጥፋት የሚሰጠው ፍርድ ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ነው። ከዚህ ንግግር ጋር የሚገናኘው ግን ወታደሮቹ የሚመለከቱት ልብስን ብቻ ስለነበር ሴቶቹን ሳያዩ ማሳለፋቸው ነው።

ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 17 ቀን 2001፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ወይዘሮ ላውራ ቡሽ በሬዲዮ ባደረጉት ንግግር በአፍጋኒስታን የሚካሄደውን ጦርነት ከሴቶች መብትና ክብር ጋር አያያዙት። የሥነ ሰብእ ሊቋ ሊላ አቡ ሉጎድ በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኋላም በ2013 በመጽሐፍ አስፍተው፣ ሙስሊም ሴቶች በእርግጥ የሚያድናቸው ሰው ይፈልጋሉ ወይ ብለው ጠየቁ። መከራው የለም ማለታቸው አልነበረም። ይልቁንም የመከራው ምንጭ ድህነት፣ ጦርነትና የመንግሥት ጭቆና ሆኖ ሳለ ሁሉን ወደ ሃይማኖትና ወደ ልብስ መመለስ መድኃኒቱን ያርቃል ማለታቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ስለ ተዛባ ምስል የሚደረግ ክርክር እውነተኛውን በደል መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ታሊባን በ2021 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ልጃገረዶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ፣ በዲሴምበር 2022 ደግሞ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ ከልክሏል። በኢራን በሴፕቴምበር 2022 ማሕሳ አሚኒ የተባለች ወጣት በሻሽ አለባበሷ ምክንያት በፖሊስ ከተያዘች በኋላ ሞታ አገሪቱ በተቃውሞ ተናውጣለች። በፈረንሳይ ደግሞ በ2004 የወጣው ሕግ ሻሽ የለበሱ ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይታዩ አድርጓል። የሚያስከትሉት ቅጣት የተለያየ ቢሆንም አንዱ ልበሺ፣ ሌላው አውልቂ ሲል ሁለቱም የሚያዝዙት ሴቲቱን ሳይጠይቁ ነው። ይህን ሁሉ መዘገብ የጋዜጠኛ ግዴታ ነው። ጥያቄው በዘገባው ውስጥ ተበዳይዋ በምስል ብቻ ነው የምትገኘው ወይስ በቃሏም ጭምር የሚለው ነው።

የማላላ ዩሳፍዛይ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት በኦክቶበር 2012 በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ በጥይት የተመታች ልጅ አድርጎ ነው። ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ2009 መጀመሪያ ላይ፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ለቢቢሲ የኡርዱ ክፍል «ጉል መካይ» በሚል የብዕር ስም በስዋት ሸለቆ ስላለው ኑሮ የዕለት ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። የተመታችውም ስለ ተናገረች ነው። በ2014 በዐሥራ ሰባት ዓመቷ የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ዓለም በጥይት የተመታች ልጅ አየ። ማስታወሻዋን ያነበበ ግን አንዲት የሙያ ባልደረባ ያያል።

ሴቶቹ ራሳቸው ሲናገሩ ምን ሊሆን እንደሚችል ሁለት ፊልሞችን መጥቀስ ይበቃል። በ1975 በግብፅ «መፍትሔ እፈልጋለሁ» የተባለ ፊልም ታየ። ታሪኩ በጋዜጠኛዋ ሑስን ሻህ የተጻፈ ሲሆን፣ ታላቋ ተዋናይት ፋተን ሐማማ ፍቺ ፈልጋ በየፍርድ ቤቱ የምትጉላላ ሚስት ሆና ተጫውታበታለች። ፊልሙ ያስነሣው ክርክር በ1979 የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከረዱት ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ይታመናል። በ2012 ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያዋ ተወላጅ ሃይፋ አል መንሱር «ወጅዳ» የተባለውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በዚያች አገር የተቀረጸ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም አቀረበች። አዘጋጇ ከወንዶች ጋር በመንገድ ላይ ቆማ ለመሥራት ስላልተፈቀደላት፣ የውጪዎቹን ትዕይንቶች የመራችው በመኪና ውስጥ ተደብቃ በእጅ ሬዲዮ እየተነጋገረች ነበር። የፊልሙ ባለታሪክ ብስክሌት የምትመኝ ልጅ ናት። ብስክሌቱን ለመግዛት የምትመርጠው መንገድ የቁርኣን ንባብ ውድድር ገብቶ የሽልማቱን ገንዘብ ማግኘት ነው። ሃይማኖቷና ምኞቷ በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በባዕድ እጅ በተሠሩት ምስሎች ውስጥ ያልተገኘው ይህ ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ ባለዕዳ ናት። በ615 ገደማ በመካ ስደት የበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር መጡ። የቁረይሽ መልእክተኞች ገጸ በረከት ይዘው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ሲጠይቁ፣ ነጋሢው ሁለቱን ወገን አሟግተው ስደተኞቹን አሳልፌ አልሰጥም ማለታቸው፣ ገጸ በረከቱንም መመለሳቸው በዓለም የታወቀ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በሙስሊሙ ዓለም የፍትሕ አገር ተብላ የምትጠራው በዚህ ነው። ይህን የችሎት ታሪክ ኢብን ኢስሐቅ በጻፈው የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ውስጥ የምትተርከው ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡሙ ሰለማ ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያን በጎ ስም ለዓለም ካደረሱት ምስክሮች አንዷ ሙስሊም ሴት ናቸው ማለት ነው። ያዩትን ተናገሩ፤ የተናገሩትም ተጻፈ።

ከዚህም ሌላ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ነቢዩ መሐመድን ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደጉት በረካ ወይም ኡሙ አይመን የተባሉ የሐበሻ ሴት ናቸው። ቢላልን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ በረካን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? እንዲሁም በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ከባላቸው ጋር ዘምተዋል፤ በዘመቻም ላይ ልጆች ወልደዋል። ኢማሙ በ1543 ከሞቱ በኋላ ሐረር ገብተው፣ የተማረከው ልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ወንድም በሚናስ እንዲለወጥ አድርገዋል። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ያገኙበት ያ ልውውጥ በዚያ ረጅም ጦርነት ውስጥ ከታዩት ጥቂት የዕርቅ ሥራዎች አንዱ ነው። የጦርነቱ ታሪክ ሲነገር ግን የሚጠሩት ወንዶቹ ናቸው።

የዛሬው ምስልስ? በኢትዮጵያ መከናነብ የአንድ ሃይማኖት ምልክት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ክርስቲያኗ ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ሙሽራ ፊቷን የምትጋርድበት ልብስ በአማርኛ ዓይነ ርግብ የሚል ውብ ስም አለው። በወሎ ገጠር ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን፣ ሻሻቸውን በአንድ ዓይነት አስረው ወደ አንድ ገበያ ይወርዳሉ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጥቁር ዐባያ ለብሰው የታዩት ሴቶች ሁሉም ሙስሊም አልነበሩም። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ከሄዱት ክርስቲያን ሴቶች ብዙዎቹ የሙስሊም ስምና ልብስ ይዘው መሄዳቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ልብስን አይቶ ሰውን ዐወቅሁ ማለት በዚህ አገር ይበልጥ ያሳስታል።

ሙስሊሟ ኢትዮጵያዊት በዒድ ቀን በስታዲየም ስትሰግድ ከሩቅ ተነሥታ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ትታያለች። ይህ መልካም ነው። በማግሥቱ ግን ሐኪሟ፣ የቡና ነጋዴዋ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ መምህርቷ ስለ ሃይማኖቷ ሳይሆን ስለ ሥራዋ የምትጠየቅበት ገጽ ምን ያህል ነው? እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል የራሱን ጋዜጣ ወይም ፕሮግራም የአንድ ዓመት ክምችት አውጥቶ ቢቈጥር መልሱን ያገኘዋል።

በኦገስት 11 ቀን 2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ተካሄደ። በአዳማ ተወልዳ በ2008 በስደት ወደ ሆላንድ የሄደችው ሲፋን ሐሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ አሸነፈች፤ ኢትዮጵያዊቷ ትዕግሥት አሰፋ በሦስት ሴኮንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ሲፋን በዚያው ኦሎምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝታ ነበር። ጠዋት ስትሮጥ ራሷ አልተሸፈነም፤ ማታ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ወርቋን ስትቀበል ሂጃብ ለብሳ ነበር። አስተናጋጇ ፈረንሳይ የራሷ ስፖርተኞች ሂጃብ እንዳይለብሱ ከልክላ ስለነበር ክርክሩ ወዲያው በሻሿ ላይ ሆነ። አንዱ ወገን አመሰገናት፤ ሌላው ነቀፋት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ተወዳድራ ሦስት ሜዳልያ እንዴት ልታገኝ እንደቻለች የጠየቀው ከሁለቱም ያንሳል። ጠዋት የሮጠችውም ማታ የተሸለመችውም አንዲት ሴት ናት፤ ሁለቱንም አለባበስ የመረጠችው ራሷ ናት።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከማኅበሩ አባላት የሚፈለገው ሙስሊም ሴትን ማሞገስ አይደለም። ሙገሳም ቢሆን ሰውን ወደ ምስል ይለውጣል። የሚፈለገው ለማንኛውም ሰው የሚደረገው የሙያ ጥንቃቄ ለእርሷም እንዲደረግ ነው። ፎቶግራፍ ከመታተሙ በፊት ስሟ ይጠየቅ፤ ስሟ መገለጡ ለደኅንነቷ የሚያሰጋ ከሆነም የተደበቀበት ምክንያት ለአንባቢ ይነገር። ሥራዋ ይጻፍ። ስለ እርሷ በተጻፈው ውስጥ የእርሷ ቃል ይኑርበት። ከታተመም በኋላ ጋዜጣው ይድረሳት፤ ራሷን ለማየት ዐሥራ ሰባት ዓመት መጠበቅ የለባትም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ከፎቶግራፍ ሥር የሚጻፈውን ስም ግን የሚያወጣው አዘጋጁ ነው። «የአፍጋኒስታኗ ልጃገረድ» የሚለውን ያወጣው አዘጋጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጥያቄ መጠየቅ የረሳ ባልደረባ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የነበረችው ልጅ ብትጠየቅ ኖሮ መልሷ አጭር ነበር፦ ሻርባት ጉላ።